የሐሙስ ጫማ

ልጄ ማርቲ የደወለችልኝ ከሥራ ቦታዋ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። ከኋላዋ የስፌት መኪናው ስለሚንጫጫ እየጮኸች ነው የምታወራው።

«እማ፣ ከትምህርት ቤት ደወሉልኝ። ዳጊ ጉሮሮዋን አሟታል፣ አተኩሷታል። እኔ ከፈረቃ የምወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ እቤትሽ ውሰጂልኝና መጥቼ ሆስፒታል እወስዳታለሁ።»

«ስትተነፍስ ይከብዳታል?»

«አይ።»

«ውሃስ ይወርድላታል?»

«ይወርድላታል፣ ግን ያማታል።»

«በይ ሥራሽን ሥሪ። እኔ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ጀመረች! እማ፣ ጤና ጣቢያው ደሞዝ ይከፍልሻል እንዴ? ያ ባለ መስታወቱ ሆስፒታል እኮ ኤሲ አለው፣ ቲቪ አለው፣ ልጆች የሚጫወቱበት ክፍል አለው አቦ!»

«የታመመው ጉሮሮዋ ነው። ቴሌቪዥን ለጉሮሮ ምን ያደርግላታል?» ብዬ ዘጋሁት።

ልጆቼ በዚህ ነገር ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ሦስቱም አድገው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉሮሯቸውን ያመማቸው ዕለት ግን አንዱንም ሳላሳድር ጤና ጣቢያ ወስጃለሁ። የማልከራከርበት ነገር ብዙ ነው፤ በዚህች ግን ማንንም አልሰማም። ነጠላዬን ለብሼ ወደ ዳጊ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረውን ላጫውታችሁ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ድሬ፣ ለገሃሬ ሰፈር ነው፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። አባቴ ጋራዥ ነበር የሚሠራው። እናቴ እኔንና ታላቅ እህቴን ማህደርን ታሳድጋለች። ማህደር በአራት ዓመት ትበልጠኛለች።

በየአራት ሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ቤታችን ሠርግ ያለበት ይመስል ነበር። እናቴ ሳይነጋ ትነሣና ውሃ ታሞቃለች። ማህደርን ገላዋን ታጥባታለች፣ ቅባት ትቀባታለች፣ ፀጉሯን ሁለት ቦታ ትጎነጉናታለች። ከዚያ አልጋ ሥር ትገባና አንድ ካርቶን ስባ ታወጣለች። ካርቶኑ ውስጥ ጥቁር ባለ ማሰሪያ ጫማ አለ፣ ከነጭ ካልሲ ጋር። ጎረቤታችን ፋዱማ ናት በባቡር ከጅቡቲ ያመጣችላት። ያ ጫማ ለቤተ ክርስቲያን አይደረግም፣ ለዓመት በዓል አይደረግም። ለሐሙስ ብቻ ነው። ለሆስፒታል።

ከዚያ ባለ ጋሪው ሚክዳድ ይመጣል። የፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ ቀይ ጥለት ተንጠልጥሎበታል፣ አንገቱ ላይ ቃጭል አለ። እናቴ ማህደርን አቅፋ ትሰቅላታለች፣ እሷም አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ጃንጥላ ይዘረጋል። እኔ ፋዱማ ሱቅ በር ላይ እተዋለሁ። ጋሪው እስኪታጠፍ ድረስ አቧራውን እየጠጣሁ ከኋላው እሮጣለሁ።

ቀትር ላይ ሲመለሱ ማህደር በአንድ እጇ ብስኩት፣ በሌላው ሚሪንዳ ይዛ ነው። ቀጥ ብላ ሄዳ እናቴ አልጋ ላይ ትተኛለች። እናቴ በካርቶን ቁራጭ ታራግብላታለች። ለእኔ «ዝም በይ፣ እህትሽ ትረፍበት» ይሉኛል። ውሃ ቅጂ የምባለው እኔ፣ ሱቅ ተላኪ የምባለው እኔ። ማህደር እሩጫ አይፈቀድላትም፣ ዕቃ አታነሣም፣ ገመድ አትዘልም።

እኔም ይህንን ሁሉ ደምሬ አንድ ነገር ገባኝ። ሆስፒታል ማለት የሚወደድ ልጅ የሚወሰድበት ቦታ ነው።

እኔም እኮ እታመማለሁ! ዓይኔን አሞኛል፣ ሆዴን አሞኛል፣ ጆሮዬ መግል ይዟል። አንድም ቀን ግን ጋሪ መጥቶልኝ አያውቅም። የቤት ነጠላ ጫማዬን አድርጌ፣ የእናቴን እጅ ይዤ፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በእግሬ አቋርጬ ጤና ጣቢያ። ሁሌም ጤና ጣቢያ። ለማህደር ጋሪ፣ ለእኔ አሸዋ።

ጋሪው ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ማህደር ልቧን ታማ ነው። ያን መንገድ በእግሯ ከሄደች ከንፈሯ ይጠቁራል። ጫማውም ቢሆን እናቴ ሐኪሞቹ ሲያዩዋት «ይቺ ልጅ ሰው አላት» እንዲሉ፣ እንዳይንቋትና ወደ ኋላ እንዳይገፏት ብላ ነው። አልጋ ላይ የምትተኛውም ሆስፒታል የምትወጋው መርፌ ወፍራም ስለሆነና መቀመጥ ስለማትችል ነው። ይህንን ማንም አልነገረኝም። ያኔ ትልልቅ ሰዎች ለልጅ አይናገሩም፤ ልጅም የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

ግንቦት ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ጉሮሮዬ ውስጥ እሾህ የተተከለ ነው የሚመስለው። ግንባሬ ይነዳል። ከውስጥ ግን ደስ ብሎኛል፤ ዛሬስ የእኔ ቀን ነው እያልኩ ነው።

እትዬ ማዘንጊያ፣ የጓሮ ጎረቤታችን፣ ድምፅ ሰምተው ገቡ። ሁሉ ቤት የሚገቡ፣ ለሁሉ ነገር መላ የሚያውቁ ሴት ናቸው። አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«ቶንሲሏ ነው። ምን ታካብጃለሽ የማህደር እናት? ያቺ ባለ እጅ ሴትዮ ጋ ውሰጃትና አስቧጥጪያት፣ ሁለት ደቂቃ ነው። የእኔዎቹን ሁሉ እሷ ናት ያወጣችልኝ። ስትጨርስ ደግሞ ማር ታልሳቸዋለች።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ማር የምትለዋን ነው።

እናቴ ሰው ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አባቴ እንኳ «ትንሽ ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር» ይላታል። ያን ቀን ግን የያዘችውን ጣሳ መሬት ላይ ጣለችው።

«ማዘንጊያ፣ ከቤቴ ውጪልኝ!»

«ምን አልኩ አሁን?»

«ውጪልኝ ብያለሁ! እንደዚህ የሚባል ነገር ሁለተኛ በደጄ አይነሣ!»

እትዬ ማዘንጊያ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው፣ «ትልቋን ወስደሻት አልነበር እንዴ? እኔው አይደለሁ ያሳየሁሽ?» አሉ።

እናቴ ግድግዳውን ያዘች።

እኔ ግን ሰማሁ። ለካ ማህደር ማሩንም ልሳለች! ጋሪ፣ ጫማ፣ ሚሪንዳ፣ አሁን ደግሞ ማር። ለእኔ ሲሆን ሰው ከቤት ይባረራል። አለቀስኩ። እናቴ ጉሮሮዬን አሞኝ የማለቅስ መስሏት ዓይኔን ጠረገችልኝና ነጠላ ጫማዬን አቀረበችልኝ።

«ሆስፒታል ነው?»

«ጤና ጣቢያ።»

«በጋሪ?»

«በእግርሽ። እግርሽ ምን ሆነ?»

ደቻቱ ደርቋል። አሸዋው ገና በሦስት ሰዓት መፋጀት ጀምሯል። እንጨት የጫኑ ግመሎች ተሰልፈው ወደ ቀፊራ ገበያ ያልፋሉ። እናቴ ፈጥና ትሄዳለች፣ እኔ ሆን ብዬ እጎተታለሁ። ጤና ጣቢያው ቢጫ ግድግዳ፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሁለት አግዳሚ ወንበር ነው። አበባ የለ፣ ደረጃ የለ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ሃሺ ደግሞ ጺሙን ሂና የሚቀባ ረጅም ሶማሌ ነው። ለአንዷ በሶማሊኛ፣ ለቀጣይዋ በኦሮምኛ፣ ለእኛ በአማርኛ ያወራል፤ ቋንቋ ሲቀይር ትንፋሽ እንኳ አይወስድም። እናቴ የመንዝ ሰው ናትና «አንቱ» ትለዋለች። እሱ የድሬ ልጅ ነውና «አንቺ» ይላታል። ሁለቱም አይቀየሙም።

«አፍሽን ክፈቺ። እንደ ግመል። እንደ ግልገል አልወጣኝም፣ እንደ ግመል!»

ምላሴን በማንኪያ ተጭኖ በባትሪ አየ።

«ቶንሲል ነው። መግል ይዟል። በጊዜ አመጣሻት። ይኸውልሽ ኪኒን፣ በቀን አራት ጊዜ፣ አሥር ቀን።»

«አሥሩንም ቀን አይደል ሐኪም?» አለች እናቴ።

«አሥሩንም። በሦስተኛው ቀን ትስቃለች፣ ትሮጣለች፣ ድኛለሁ ትልሻለች። እንዳትሰሚያት። ሳይጨረስ ከተተወ ተደብቆ ይመለሳል።»

እናቴ ኪኒኑን በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀበለች። እኔ በዚያ መሀል የሆዴን አወጣሁት።

«እኔስ ሆስፒታል አልሄድም?»

ሃሺ ሳቀ። «ሆስፒታል ምን ልትሠሪ? እዚያ የምልከው እኔ ያቃተኝን ነው። አንቺ መች አቃትሽኝ?»

እሱ ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን መንገዱን ያሳየኝ መሰለኝ። ሆስፒታል የሚኬደው ሃሺን ሲያቅተው ከሆነ፣ እንዲያቅተው ማድረግ ነው!

ኪኒኑ ነጭ ነው፣ ይመራል። የመጀመሪያውን ቀን እናቴ ከፊቴ ንቅንቅ ስለማትል ዋጥኩ። በሁለተኛው ቀን ዘዴውን አገኘሁ። «በስመ አብ ወወልድ» ብላ አፌ ውስጥ ታደርግልኛለች፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ኪኒኑ ምላሴ ሥር ይተኛል። ዞር ስትል አወጣዋለሁ። የት እንደምደብቀው ብዙ አሰብኩ። ጓሮ ብጥለው ዶሮ ይበላዋል፣ እትዬ ማዘንጊያም ያያሉ። እስከ ሐሙስ ማንም የማይከፍተው አንድ ዕቃ ብቻ ነው ቤታችን ያለው።

አልጋው ሥር ገባሁ። ካርቶኑን ከፈትኩ። ከቀኝ እግሩ ጫማ ጣት ድረስ ገፍቼ አስገባሁት። ከዚያ ወዲያ አንዱን እውጣለሁ፣ አንዱን እደብቃለሁ፤ እናቴ አጠገቤ ከቆየች እውጣለሁ፣ ድስቷን ልታማስል ከሄደች ለጫማው።

የሚያናድደው፣ ሃሺ እንዳለው በሦስተኛው ቀን ዳንኩ። ምራቄ ወረደ። ገመድ ዘለልኩ። እናቴ ግን ኪኒኑን አልተወችም፤ እኔም ጫማውን አልተውኩም። እንግዲህ መታመሜን እየጠበቅሁ ነው። አሁን ሳስበው ብርድ ብርድ ይለኛል። ልጅ ሆኜ በገዛ ልቤ ላይ ስጫወት ነበር፤ ያየኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። እኔ ረስቼዋለሁ። ማህደር ተቀብታ፣ ተጎንጉና፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጭ ካልሲዋን አጠለቀች። የግራውን አደረገች። የቀኙን ስታስገባ እግሯ አልገባ አለ። አወለቀችና ገልብጣ አራገፈችው።

ኪኒኖቹ ሲሚንቶው ላይ ተንጣጡ። አንዱ እየተንከባለለ እኔ እግር ሥር መጥቶ ቆመ።

ማህደር አየችኝ። «ያንቺ ነው?»

«ማህደርዬ፣ እንዳትነግሪ። በእመቤቴ!»

«ለምን አልዋጥሽውም?»

«እኔም እንዳንቺ መሆን እፈልጋለሁ። በጋሪ፣ ሆስፒታል።»

ማህደር አሳብቃብኝ አታውቅም። ብርጭቆ ስሰብር እንኳ «እኔ ነኝ» የምትለው እሷ ናት። ያን ቀን ግን ፊቷ ተለዋወጠ፣ አፏን ከፍታ ቤቱ እስኪናጋ ጮኸች። «እማዬ! እማዬ!»

እናቴ ማበጠሪያ እንደያዘች መጣች። መሬቱን አየች። ጫማውን አየች። እኔን አየች። ዱላ ስጠብቅ እሷ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ኪኒኖቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ነጠላዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከውጭ ሚክዳድ ይጣራል። «የማህደር እናት! ኧረ ፈረሱ ሰለቸው! እስከ ማታ ልታቆሙኝ ነው?»

እናቴ ተነሥታ ወደ ፋዱማ ሱቅ ሮጠች። ስትናገር ይሰማኛል።

«ፋዱማ፣ እባክሽ ማህደርን አንቺ ውሰጂልኝ። ካርዷ ይኸው። መርፌውን ስትወጋ እጇን ያዥልኝ፣ ይቺኛዋ… ይቺኛዋ…»

«ሃዬ፣ ሃዬ አባዮ፣ እሺ እህቴ። አታልቅሺ። ገባኝ። ሱቄን እዘጋለሁ፣ አንቺ ሂጂ።»

ፋዱማ ልብሷን ሰብስባ ጋሪው ላይ ወጣች። ማህደርም ወጣች፣ ጃንጥላው ተዘረጋ፣ ቃጭሉ ተሰማ። ዛሬም ለእሷ ጋሪ ነው። እኔን እናቴ በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አሰረችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ! እግሬ ጉልበቷ ጋ ይንጠለጠላል። እንደዚያ ተሸክማኝ ደቻቱ ውስጥ ገባችና አሸዋው ላይ ሮጠች።

ከመንገደኛው አንዱ «ምን ሆነች?» ቢል አትቆምም። ብቻ እያለከለከች፣ «የቁልቢው ገብርኤል፣ ይቺን ተውልኝ። ይቺን እንኳ ተውልኝ» ትላለች። እኔ ማን ሊወስደኝ እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም፤ ግመሎቹ ብቻ ናቸው።

ልትቀጣኝ ነው የመሰለኝ። እስከ ትልቅነቴ ድረስ ያንን ሐሙስ የማስታውሰው እናቴ ማህደርን በጋሪ ልካ እኔን ለሃሺ ልትከሰኝ የወሰደችበት ቀን አድርጌ ነው። ማህደር መርፌ በተወጋችባቸው ዓመታት ሁሉ እናቴ ከአጠገቧ የተለየችበት ሐሙስ ያ ብቻ መሆኑን የነገረችኝ ፋዱማ ናት። የነገረችኝም እኔ የልጅ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው።

ሃሺ ወረፋውን አስቁሞ አስገባን። እናቴ ነጠላዋን ፈትታ ኪኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችለት። ሃሺ በጣቱ እየገፋ አያቸው፣ እኔንም አየኝ።

«የት ነበሩ?»

«ጫማ ውስጥ» አለች እናቴ።

«ጫማው ድኗል እንግዲህ» አለ። እናቴ ስላልሳቀች እሱም ሳቁን ዋጠው። «አይዞሽ። አልረፈደም። ላንቺ ኪኒን አይታመንም አንቺ ልጅ፣ አንድ መርፌ እሰጥሻለሁ። ያሥሩን ቀን ሥራ ይሠራል፣ ኸላስ።»

«ልቧን ያድምጡልኝ» አለች እናቴ። «በእግዚአብሔር፣ ልቧን ያድምጡልኝ።»

ሃሺ ያንን ባለ ጎማ ዕቃ ጆሮው ላይ ሰክቶ ብረቱን ደረቴ ላይ አደረገው። ብረቱ ይቀዘቅዛል። እኔ ደግሞ ያ ዕቃ ልብ ውስጥ ያለውን ሐሳብ የሚሰማ ነው የመሰለኝ። ሳይቀድመኝ ልቅደም ብዬ፣ «አሥራ ሦስት ናቸው! ማሩንም ስለከለከሉኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ፣ ልስማ» አለኝ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ።

«ልቧ ደህና ነው።»

«ደግመው ይስሙት።»

ደግሞ ሰማ። «ደህና ነው አልኩሽ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አምጪያትና እንደገና እሰማልሻለሁ። እስከዚያ ጉልበቷን ካበጣት፣ ወይ ትንፋሽ ካጠራት፣ ያኔ ወደ እኔ እንዳትመጪ። ቀጥታ ሆስፒታል። አሁን ግን ቦታዋ እዚህ ነው። ትክክል መጥተሻል።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔ በእኔ አፍራ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ትክክል መጥተሻል» የምትለውን ቃል ከሐኪም አፍ ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቀች ከየት ላውቅ?

መርፌውን ወጋኝ። ስለ መርፌው አልነግራችሁም። የኒሙ ዛፍ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሥተው ሄደዋል፣ ይኼ ይበቃል።

ቀትር ላይ ማህደር ስትመለስ እኔ እናቴ አልጋ ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ። ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ በሆዷ ተኛች። ፊት ለፊት ተያየን። ብስኩቱን ከፍታ ግማሹን ሰጠችኝ።

«አመመሽ?»

«አመመኝ።»

«እኔን ሁሌ ነው።»

«ጋሪውስ? ጋሪው ደስ አይልም?»

«ስንሄድ እፈራለሁ። ስንመለስ መቀመጥ አልችልም፣ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር አለቅሳለሁ።» ትንሽ አሰበችና፣ «አንቺ አሸዋው ላይ እየሮጥሽ ነው የምትሄጂው አይደል? እኔ እሱ ነው የሚያምረኝ» አለችኝ።

ብስኩቱ አፌ ውስጥ ቀረ።

የቀረውን እናቴ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ማርቲ የአራት ዓመት ልጅ ሆና ጉሮሮዋን አመማት። እኔም «ነገ እናየዋለን» አልኩ። እናቴ የዚያን ጊዜ እግሯ ደክሟል፣ ግን በትሯን ይዛ ከለገሃሬ እኔ ቤት ድረስ መጣች። እንደገባች ሳትቀመጥ ነው የነገረችኝ።

ማህደር አምስት ዓመቷ ሳለ ጉሮሮዋን ታመመች። ጤና ጣቢያው ያኔም እዚያው ነበር። እናቴ ለአገሩ እንግዳ ናት፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጥቶ ይልክሻል እንጂ ምን ያደርግልሻል፣ ባለ እጅ ሴት እያለች» አሏት። ሴትዮዋ ጋ ወሰደቻት። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን አደማችው፣ ማር አላሰቻት። በሽታው ግን እዚያው ቀረ፤ ሳይታከም ልቧ ጋ ደረሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የማህደር ጉልበት አበጠ፣ ወዲያው ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ስትደርስ አንድ ሐኪም ልቧን ሰምቶ ጨረሰና ጠየቃት።

«ጉሮሮዋን ባመማት ጊዜ የት ወሰድሻት?»

«የምመልሰው አጣሁ ስምረት» አለችኝ እናቴ። «ሰውዬው አልተቆጣኝም። ዝም ብሎ ጻፈ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መልሱን ይዤ ነው የምዞረው። ማንም፣ መቼም፣ ስለ የትኛዋም ልጄ ቢጠይቀኝ የምሰጠው መልስ ይዤ።»

እኔ ማርቲን አዝዬ ተነሣሁ።

እናቴ ነፍሷን ይማርና አሁን የለችም። ማህደር ግን አለች፣ ተመስገን። አርባ ዓመት እስኪያልፋት መርፌዋን አንድ ሐሙስ ሳታስታጉል ተወጋች። አሁን ለክትትል ብቻ ነው የምትሄደው። ሳቢያን ሰፈር ሱቅ አላት፣ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ከሁላችንም ይበልጥ ትስቃለች።

ዳጊን ከትምህርት ቤት ተቀብዬ እጇን ያዝኩ። ሰባት ዓመቷ ነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

«እማማ፣ እዚህ ነው? አብራኝ የምትቀመጠውን ልጅ እኮ ባለ መስታወቱ ጋ ነው የሚወስዷት። ለምን እኔን እዚህ?»

ፊቷን አየሁት። ከንፈሯን እንዴት እንደጣለች አየሁ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከአርባ ዓመት በላይ ይዤው ኖሬያለሁ። እናቴ ያልነገረችኝን እዚያው በሩ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት።

«ስሚኝ ዳጊዬ። ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ውሃ አልወርድ ቢልሽ፣ በባጃጅ ሳይሆን በክንፍ ነበር ሆስፒታል የማደርስሽ። ለዚህ ለጉሮሮሽ ግን መርጬ ነው እዚህ ያመጣሁሽ። ስለምወድሽ ነው የመረጥኩት። ለእሷ ይኼ ይበቃታል ተብሎ አይደለም፣ ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች። እንዳልገባት ያስታውቃል፤ ግን እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ይበቃኛል።

ነርሷ ዑባህ የምትባል ልጅ እግር ናት። ጉሮሮዋን በባትሪ አየች፣ ትኩሳቷን ለካች፣ ዕድሜና ኪሎዋን ጠየቀች።

«መቼ ነው የጀመራት?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ዛሬውኑ አመጣሻት? ጎበዝ እናት። ቶንሲል ነው። ኪኒን እሰጥሻለሁ፣ አሥር ቀን ሙሉ…»

«በሦስተኛው ቀን ድኛለሁ ብትለኝ አልሰማትም» አልኳት።

ሳቀች። «አንቺማ ነርስ ነሽ እንዴ?»

ምሳ ሳይደርስ ቤታችን ገባን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማርቲ ከፓርኩ እየሮጠች መጣች፤ ልጅቷ ሾርባ ስትጠጣ ስታገኛት ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። «ወረፋ አልነበረም?» አለችኝ። «ነበረ፣ አለቀ» አልኳት። ስለ ቲቪው አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁባትም።

አመሻሽ ላይ ማህደር ብስኩት ይዛ ልትጠይቃት መጣች። ዳጊን ግንባሯን ዳሰሰቻት፣ አሳቀቻት፣ ሻይ ጠጣች። ልትሄድ ስትነሣ በሩ ጋ ጎንበስ ብላ የቀኝ ጫማዋን አነሣች። ገለበጠችው። ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ አራገፈችው። ከዚያ አጠለቀችው። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ሳታራግፍ ጫማ አድርጋ አታውቅም።

ዳጊ አልጋው ላይ ሆና ታያታለች። «አክስቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

ማህደር አየችኝና በሳቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «እሱን አያትሽን ጠይቂያት» ብላት ወጣች።

ዳጊ ወደ እኔ ዞረች። ኪኒኑንና ውሃውን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በስመ አብ ብዬ አፏ ውስጥ አደረግሁላት። ጠጣች።

«አሁን አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። «እንደ ግመል። ምላስሽንም ወደ ላይ አንሺ።»